ፌርሜዳ ላይ የተበተነው ጉባኤ

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1969 የዬል ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ምሁር ሊዮናርድ ዱብ ከኢትዮጵያ፣ ከሶማሊያና ከኬንያ ስድስት ስድስት ሰው አምጥቶ ሰሜን ጣሊያን፣ ደቡብ ታይሮል ተራራ ላይ ፌርሜዳ በሚባል ሆቴል አስቀመጣቸው። አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው፤ መንግሥታቸውን ወክለው አልመጡም። ጉዳዩ ግን ሶማሊያ የኔ ናቸው ትላቸው የነበሩት ኦጋዴንና የኬንያ ሰሜናዊ ግዛት ነው። ኢትዮጵያና ሶማሊያ ከተዋጉ ገና አምስት ዓመታቸው ነበር።

18ቱም ሦስቱ አገሮች በተቀላቀሉባቸው ሁለት ቡድኖች ተከፈሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድንበር የሚባል ነገር አልተነሳም። አሜሪካውያን አሠልጣኞች ሰዉ የተሰማውን ፊት ለፊት እንዲናገር፣ ሌላው ስለ እሱ የሚያስበውንም እንዲሰማ ያለማምዱ ነበር። ልምምዱ ሠራ፤ እንዲያውም አጉል ሠራ ማለት ይቻላል። ወደ ዋናው ጉዳይ ሲገባ እያንዳንዱ ቡድን የየራሱን መፍትሔ አወጣ። ነገሩ የተበላሸው ሁለቱ ቡድኖች በጠቅላላ ጉባኤ ሲገናኙ ነው። በአንድ ሐሳብ ሳይስማሙ ተለያዩ።

ጥፋቱን በአገሮቹ ግትርነት ብቻ ማላከክ ይቀላል። አወቃቀሩ ግን ራሱ ችግር ያለበት ይመስላል፦ መተማመኑ የተገነባው በየክፍሉ ነው፤ ወደ ጉባኤው አዳራሽ አብሮ አልገባም። ሁለት የተዘጋጁ ሰነዶች ፊት ለፊት ሲቀመጡም ሰው የሚከራከረው ለራሱ ሰነድ ነው።

ኋላ ላይ የሐርቫርዱ ኸርበርት ኬልማን በእስራኤላውያንና በፍልስጤማውያን መካከል ለዓመታት ሲሠራበት የኖረው አካሄድ እዚህ ላይ ይለያል። ከየወገኑ ከሦስት እስከ ስድስት ሰው ይጠራል፤ ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ወገን ለብቻው ከአወያዮቹ ጋር ይገናኛል። ዋናው ስብሰባ ብዙውን ጊዜ ቅዳሜና እሁድን ያካተተ አጭር ስብሰባ ነው። የግል ስሜትን የመቆፈር ልምምድ የለም፤ የስምምነት ሰነድም አይጠበቅም። መጀመሪያ ስጋትና ፍላጎት ይነገራል፤ አንዱ የሌላውን ስጋት ሳይረዳ መፍትሔ አይቀርብም። የመፍትሔው ሐሳብ ከወጣ በኋላ ደግሞ አገር ቤት ምን እንደሚያግደው ይወራል።

ይህ የመጨረሻው ክፍል ፌርሜዳ ላይ ቢኖርም ሁሉን አያድንም ነበር። በኦክቶበር፣ ጉባኤው በተበተነ በሁለት ወሩ፣ የሶማሊያው ፕሬዚዳንት ሸርማርኬ ተገደሉ፤ በቀናት ውስጥም ሥልጣኑን ጦሩ ያዘው።