የእንቁጣጣሽ ሥዕል ለማን ይሣላል?

ወንዶች ልጆች ፀሐይ፣ አበባና መልአክ ሥለው በየቤቱ የሚያዞሩት፣ ሴቶቹም አደይና ለምለም ሣር ይዘው አበባየሆሽ የሚሉት ጎረቤትን እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ነው። አሁን አሁን ግን የታተመ ካርድ ይገዛል፤ ወይም አንዱ ሥዕል ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ለሠፈሩ ሁሉ ይታደላል። ልጁም የሚያስበው የሚያገኘውን ሳንቲም ብቻ ይሆናል። አልፈርድበትም፤ ሌላ የሚያስበው ሰው አልሰጠነውም።

ስለዚህ ቀለሙ ሳይከፈት ስም ይመረጥ እላለሁ። ጳጉሜን አምስት ቀን ናት፤ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ስድስት። በቀን አንድ ሥዕል ለአንድ ሰው ይበቃል። ልጁን «ማንን ታመሰግናለህ?» ብትሉት «እማዬን» ብሎ ይገላገላችኋል። «ዝናብ ሲይዝህ ማን አስጠለለህ? ጫማህ ሲበጠስ ማን ሰፋልህ?» በሉት። ያኔ ሊስትሮው፣ የግቢው ዘበኛ፣ መንገድ ዳር ቆሎ የሚሸጡት እናት አንድ በአንድ ይመጣሉ። ከሥራው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ጊዜ ስጡት።

ለውሃ ቀለም ተራው ባለ 80 ግራም ወረቀት አይሆንም፤ ውሃውን ሲጠጣ ይነፋና ይኮማተራል። ከ160 ግራም በላይ የሆነ ኤ4 ወረቀት ለሁለት ይታጠፍ። ማጠፉ ከቀለሙ በፊት ነው፤ ወፍራም ቀለም ከደረቀ በኋላ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ያለው ስስ ወረቀት ከሆነ በከለር እርሳስ ይሣል፣ ያምራል።

መጀመሪያ በእርሳስ ሳሳ አድርጎ ይንደፍ። ከዚያ ቢጫው ይቀባ፤ አረንጓዴ ቀድሞ ከሆነ ብሩሹ ቢጫውን ያቆሽሸዋል። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ አረንጓዴውና ሰማዩ፣ በመጨረሻ ጥቁሩ መስመር። ፍሎማስተር ቀድሞ ከተሠመረ ውሃ ሲነካው ይሟሟና ሥዕሉ ይጠቁራል፤ ልጆች የሚያለቅሱት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። የጳጉሜን አየር እርጥብ ስለሆነ ሥዕሎቹን አትደራርቡ፣ ይጣበቃሉ። ከሰል አጠገብ ማድረቅም ወረቀቱን ያጣምመዋል፣ ለልጅም አደጋ ነው። ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አሳድሯቸው።

ፀሐይና አደይ በጠርዙ ይሁኑ፣ መሐሉ ላይ ውለታው ይሣል፦ ጃንጥላው፣ የተሰፋው ጫማ። አደይዋን ከስልክ ላይ አይቅዳ፤ አንድ ዘለላ ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጡለት። ከውስጥ በእስክሪብቶ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ «እማማ፣ ዝናብ ሲይዘኝ ስላስጠለሉኝ አመሰግናለሁ። እንኳን አደረሰዎ።» «ስለ ሁሉም ነገር» የሚል ምስጋና አትቀበሉት። መጻፍ ያልቻለ ልጅ ይናገር፣ እናንተ ጻፉለት፤ ግን አታሳምሩበት። የልጁ አነጋገር ራሱ ነው ስጦታው።

አደይ የሚቀርብ ከሆነ በጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ ይቆረጥ። ከአንድ ስንዝር የማያንስ ግንድ ይኑረው፤ የታችኞቹ ቅጠሎች ይራገፉ፣ ወዲያው ውሃ ውስጥ ይግባ። አጥብቆ ማሰር ግንዱን ይሰብረዋል፤ በሣር ላላ አድርጎ ማሰር ይሻላል። ከሥሩ አይነቀል፣ ከየቦታውም ጥቂት ይተው፤ አደይ ለከርሞ የሚበቅለው ከዘሩ ነውና።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያሉ ልጆች አደይ ባያገኙም ሥዕሉ አይቀርባቸው። መስከረም 1 እዚያ አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ በየአራት ዓመቱ ግን፣ ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም. እንደሆነው፣ 12 ላይ ይውላል። አገር ቤት ላለች አያት በፖስታ የሚላክ ከሆነ ጳጉሜንን መጠበቅ አያስኬድም፤ ነሐሴ ሳይጋመስ ይሣል።

ማድረሱንም አለማምዷቸው። በሁለት እጅ ይሰጥ፣ የተጻፈው ጮክ ተብሎ ይነበብ። ሳንቲም ወይም ዳቦ ከተሰጠው «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይቀበል፤ አልፈልግም ማለት ሰጪውን ያስከፋል። የመጀመሪያው ቤት ግን ሳንቲም የማይጠበቅበት ቤት ይሁን። ሰውየው ከሌሉ ሥዕሉ በበር ሥር አይግባ፤ እስከ መስቀል ድረስ ተመልሶ መሄድ ይቻላል።