የቦስተን ሦስት ምሽቶች

ዛሬም ሥራዬን ጨርሼ ወደ ቦስተን ቅጂዎች ተመለስሁ። ፍሊትውድ ማክ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 5 እስከ 7 ቀን 1970 «ቦስተን ቲ ፓርቲ» በተባለው የሙዚቃ ክበብ ሲጫወት የተቀዳው ቴፕ ለመድረክ አልበም ታስቦ የነበረ ቢሆንም፣ ከአድማጭ ጆሮ የደረሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የባንዱ ስም ሲነሳ ብዙ ሰው ኋላ ላይ አሜሪካ ውስጥ የገነነውን ስብስብ ስለሚያስብ፣ የእኔው ፍሊትውድ ማክ በ1967 ለንደን ላይ ከእንግሊዛዊው የብሉዝ ሙዚቀኛ ከጆን ሜዮል ባንድ የወጡ ወጣቶች የመሠረቱት የብሉዝ ባንድ መሆኑን ሁልጊዜ ማስረዳት ይኖርብኛል።

ቀደም ሲል እነዚህን ቅጂዎች የምሰማው የባንዱን መሪ ጊታሪስት የፒተር ግሪንን ሶሎ እያደንሁ ነበር። በስቱዲዮ ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል የነበረው «ራትልስኔክ ሼክ» እዚህ ከ20 ደቂቃ በላይ ይዘልቃል፤ እኔም ትዕግሥት አጥቼ መሃሉን እዘለው ነበር። አሁን የምወደው ያንኑ መሃሉን ነው፤ ግጥሙ አልቆ ዜማው መድረሻውን ገና ሳያውቅ፣ ጆን ማክቪ በቤዝ ጊታሩ ሥሩን ይዞ ሲቆይ፣ ሚክ ፍሊትውድ ምቱን ሲለውጥ፣ ግሪን ደግሞ ብዙ መጫወት እየቻለ ሌላው ወዴት እንደሚያመራ ለመስማት እጁን ሰብስቦ የሚጠብቅበትን። የሌላው ጊታሪስት የጄረሚ ስፔንሰር ተራ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ጊዜ ከሰማሁት ይበቃኛል፤ የአሜሪካዊውን የብሉዝ ጊታሪስት የኤልሞር ጄምስን የስላይድ አጨዋወት (ጣት ላይ በተጠለቀ ቱቦ ክሩን እያንሸራተቱ መጫወትን) አሳምሮ ይዞታል፣ ከዚያ አልፎ የራሱን ሲጨምርበት አልሰማም።

ግሪን ከሦስት ወር በኋላ ባንዱን ለቀቀ። ይህን የሚያውቅ አድማጭ በየክሩ ስንብት ሊፈልግ ይችላል፤ በተለይ ስቱዲዮ ገብቶ ከመቀዳቱ በፊት በቦስተን በተጫወቱት፣ ስለ ገንዘብ ክፋት በሚያወራው «ዘ ግሪን ማናሊሺ» ውስጥ። እኔ የምሰማው ግን መጫወት የጣመውን ሰው ነው።

ዛሬ ያመሸሁት በሌላ ነገር ነው። ሌስ ፖል የተባለው የግሪን ጊታር ከሁለቱ ፒክአፖቹ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ከሚለውጡት ክፍሎች) የአንዱ ማግኔት የተገለበጠ ስለነበር፣ ሁለቱ ፒክአፖች አብረው ሲከፈቱ ድምፁ መሃሉ የተቦረቦረ ያህል ቀጭን ይሆናል፤ እሱንና ገና የ19 ዓመት ልጅ የነበረውን ሦስተኛውን ጊታሪስት ዳኒ ኪርዋንን የምለየው በዚህ ነው። ሁለቱ ጊታሮች ተጠላልፈው ሲወጡ ግን ብልሃቴ ከዳኝ። አንዷን ሐረግ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሼ ሰማኋት፤ አሁንም የኪርዋን ትመስለኛለች።