የኦቨርሎኩ ወረንጦ

ቅዳሜ ከባቢሌ ስንመለስ ሐረር ላይ ሚኒባስ ቀይረን ድሬዳዋ የገባነው መሽቶ ነበር። ልጄ ቀኑን ሙሉ ከአክስቴ ፍየሎች ጋር ስትሯሯጥ ውላለች። ሳጥባት ከቀኝ ጉልበቷ በስተኋላ፣ እጥፋቱ ላይ፣ አንድ ነገር ጣቴን ያዝ አደረገው። ኪንታሮት መሰለኝ። የስልኬን መብራት ሳበራበት እግር አለው፤ ስምንት። መዥገር ነው፤ ገና ያልጠገበ፣ ጠፍጣፋ፣ የጉሎ ፍሬ ግማሽ የሚያህል።

እናቴ ወዲያው ላምባ አዘዘች። «ጠብ አድርጊበት፣ ራሱ ለቅቆ ይወድቃል።» ላምባ ከሌለ ቅቤ፣ ቅቤ ከሌለ የተለኮሰ ክብሪት። ክብሪቱን እንኳ አውቀዋለሁ። በሰባት ዓመቴ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ተሞክሮ፣ መዥገሩ ንቅንቅ ሳይል እኔ ተቃጠልኩ፤ ጠባሳው እስከ ዛሬ ምስር ያህላል። እሳትም ሆነ ቅባት ሲያስጨንቀው በሆዱ ያለውን ወደ ቁስሉ ሊመልስ ይችላል። እስኪለቅ መጠበቅም መዥገሩ ሊያስተላልፍ ለሚችለው በሽታ ጊዜ መስጠት ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ኦቨርሎክ ላይ፣ የጨርቅ ጠርዝ በሚቋጨው የስፌት መኪና ላይ፣ ክር የማስገባበት ወረንጦ ጫፉ ሹል ነው፤ ለቅንድብ ከሚሸጠው ጠፍጣፋ ይልቅ ለዚህ ሥራ ይመቻል። በአልኮል ጠረግኩት። ሆዱን ከያዙት ሊፈነዳ ስለሚችል፣ ቆዳዋን ታክኬ አፉ ከገባበት ሥር ያዝኩት። ከዚያ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ ነው፤ ማጣመም የለም፣ መመንጨቅም የለም። የመዥገር መውጊያ ወደ ኋላ የዞሩ ጥርሶች አሉት፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች ደግሞ እንደ ሙጫ በሚደርቅ ምራቅ ራሳቸውን ይለጥፋሉ። ቆዳዋ ከወረንጦው ጋር ጉብ ብሎ ተነሣ። እንደዚያው ይዤ ቆየሁ። «ጨረስሽ?» አለች ልጄ። አልጨረስኩም። ሃያ ያህል እንደቆጠርኩ እጄ ላይ ቀለል አለኝ፤ ወጣ፣ ከነአፉ።

አፉ ተቆርጦ ቢቀርና በቀላሉ አልወጣ ቢል ኖሮ በመርፌ አልጎረጉርም ነበር፤ ቆዳው ጊዜውን ጠብቆ ይተፋዋል። ቦታውንም እጄንም በሳሙና አጠብኩ። ብብቷን፣ ከጆሮዋ ጀርባ፣ የፀጉሯን ሥር ፈተሽኩ፤ ሌላ የለም። እናቴ በሁለት አውራ ጣቶቿ ጥፍር ልትጨፈልቀው ስትል ነጠቅኳት። ደሙ በተሰነጠቀ ጣት በሽታ ሊያስገባ ይችላል። አልኮል ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ከተትኩት።

አሁን እየጠበቅኩ ነው። በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ሽፍታ ወይም የተነከሰችበት ላይ ጥቁር ቅርፊት ካየሁ ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ፤ መዥገር እንደነከሳትም ሳልጠየቅ እናገራለሁ። ድሬዳዋ ላይ ትኩሳት ሲባል የሁሉም ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ወባና ወደ ደንጊ ነው።

ቀኑን እንዳልረሳ የደንበኞች ልክ በምጽፍበት ደብተር ላይ፣ ከአንዲት ሙሽራ የወገብ ልክ ሥር አሰፈርኩት፦ «ቀኝ ጉልበት፣ ከኋላ፣ መዥገር።» ሰኞ ጠዋት ረዳቴ ደብተሩን ገልጣ ትንሽ ዝም አለችና፣ «ይህንንም ቀሚሱ ላይ ነው የምንሰፋው?» አለችኝ።