«ሄሞግሎቢን 12.6 ኖርማል ነው» ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ አትውጡ

ታናሽ እህቴ ከመንዝ መጥታ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው፣ 16 ዓመቷ ነው። ልጠይቃት ስሄድ ፊቷ ገርጥቷል፣ ዳገት ስትወጣ ልቧ ድው ድው ይላል፣ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለኛል ትላለች። ከቤት የተላከላት ድርቆሽና ሽሮ ጥግ ላይ እንደታሰረ ነው። ጠዋት ምንም ሳትቀምስ ትወጣለች፣ በረፍት ቦምቦሊኖ በሻይ፣ ማታ ኢንዶሚ ወይ ዳቦ፣ አሁንም በሻይ። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ አይፈርድባትም።

ያቃጠለኝ ምርመራው ነው። መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ አንቲባዮቲክ አሸከመን (ደክሞኛል ያለ ሁሉ ታይፎይድ ነው እኮ እዚህ አገር)፣ ለውጥ የለም። ሌላ ቦታ ወስጃት ሄሞግሎቢኗ (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) ይታይልኝ ብዬ እኔው ለምኜ ታየ፣ 12.6 ሆነ። ባለሙያው ቀና እንኳን ሳይል «ከ12 በላይ ናት፣ ደም ማነስ የለባትም፣ ፈተና ደርሶ ይሆናል» አለኝ። ላብራቶሪ የሚሰራ ጓደኛዬ ጋ ስደውል 12 የሚባለው ልክ ለቆላና ለባህር ጠረፍ አገር ነው አለኝ። ከፍታ ላይ ኦክስጅን ስለሚሳሳ ሰውነት ሄሞግሎቢን ይጨምራል፣ ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ከውጤቱ ላይ ቀንሱ ይላል፣ ለ2,500 ሜትር በድሮው ሰንጠረዥ እንኳን 1.3። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 አካባቢ ናት! ከ12.6 ላይ 1.3 ሲነሳ 11.3 ማለት ነው፣ ከ12 በታች፣ ደም ማነስ። ተመልሼ ለባለሙያው ብነግረው «እሱ ለጥናት ነው እህቴ፣ ጎግል ያየሽውን አታምጪብኝ» አለኝ፣ ሌላ ሰው ላናግር ስል ደግሞ ካርድ እንደገና አውጪ። በመጨረሻ አንዲት ጤና መኮንን እስክሪቢቶ አውጥታ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ቀነሰችና ምንም ሳትከራከር አይረን (የብረት ማዕድን ኪኒን) ከፎሊክ አሲድ ጋር፣ የትል መድኃኒትም ጨምራ ጻፈችልን። በቃ ይኼው ነበር እኮ!

አይረኑ ሰገራ ያጠቁራል፣ ማንም ስላልነገራት ደም መስሏት አለቀሰች። በባዶ ሆድ ካቅለሸለሻት ትንሽ ነገር ቀምሳ ትዋጠው፣ ከማቆም ይሻላል። ሻይና ቡና ከምግብም ከኪኒኑም ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቅ፣ አይረኑን ይይዘዋል።

ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው «ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት» ረቡዕና አርብ ለምትጾም፣ ሁዳዴን 55 ቀን ለምትይዝ ተከራይ ልጅ ምን ይሰራላታል? የእኛን ቤት የለወጠው ጉንቁል ነው፣ ባቄላ ሲበቅል አይረኑን አስሮ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል፣ ላዩ ላይ ሎሚ ይጨመቅበታል። ምስርና ጎመኑም ላይ ሎሚ። ጠዋት በሶ በጥብጣ ሳትጠጣ አትወጣም፣ የበሶው ገብስ ከእናታችን ነው የሚመጣው።

ድጋሚ ስትታይ 14.1 ሆነ፣ 1.3 ሲቀነስም 12.8። ያ «ከ12 በላይ ናት» ያለው ሰውዬ ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ «አላልኩሽም? ደህና ናት» አይለኝ መሰላችሁ! ደህና ናት ተብሎ ግን ኪኒኑ አይቋረጥም፣ ክምችቱ እንዲሞላ ከዚያ በኋላም ሦስት ወር ገደማ ትውሰድ ተብለናል።