የግራው ፔዳል

ነገሩ የጀመረው ከብስክሌቴ ግራ ፔዳል ነው። አርጅቶ ስለነበር ራሴው ልቀይረው ተነሳሁ። መፍቻውን አስገብቼ እንደማንኛውም ብሎን ወደ ግራ አዞርኩት። ንቅንቅ አላለም። ዝጎ ይሆናል ብዬ ዘይት አንጠባጠብኩበት። መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቼ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። አሁንም እምቢ አለ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ እያጠበቅኩት ነበር! የግራው ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚፈታው ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ነው።

ብስክሌት የምነዳው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ስረግጠው የኖርኩትን ነገር አላውቀውም ነበር ማለት ነው። ይህ በጣም ከነከነኝ።

ከዚያ በፊትም አስገራሚ ነገሮችን መሰብሰብ እወድ ነበር። ግን የምሰበስበው በስልኬ ነበር። ያማረ ወንበር፣ ለየት ያለ ሥዕል፣ የሚያስጎመጅ ምግብ ባየሁ ቁጥር ፎቶውን አስቀምጣለሁ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎች ተጠራቀሙ። አንዱንም መልሼ አላየሁትም። ከፔዳሉ በኋላ ትንሽ ደብተር ያዝኩና ለራሴ ሕግ አወጣሁ፦ በእጄ ያልሞከርኩት ነገር ደብተሩ ውስጥ አይገባም። መልሱን ከማንበቤ በፊት ደግሞ ግምቴን እጽፋለሁ።

ከሁለቱ ይበልጥ የጠቀመኝ ግምት መጻፉ ነው። የግራው ፔዳል ጥርስ ለምን እንደተገላበጠ የጻፍኩት ግምት፣ “ፔዳሉ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ሲዞር ዘንጉን ይዞ ስለሚጎትተው ነው” የሚል ነበር። ብስክሌቱን ገልብጬ አቅጣጫውን በጣቴ ስከተለው ግን ነገሩ ተቃራኒ ሆነብኝ። የኩሽኔታው ጉተታ ፔዳሉን የሚያላላ እንጂ የሚያጠብቅ አልነበረም። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። ስንረግጥ የእግራችን ጫና በዘንጉ ዙሪያ ይዞራል። ይህም ዘንጉን በቀዳዳው ውስጥ በጥቂቱ እያንከባለለ በተቃራኒ አቅጣጫ ይገፋዋል። እርሳስ በጭብጣችሁ ላላ አድርጋችሁ ያዙና ጫፉን ክብ አስኪዱት፤ እርሳሱ ጭብጣችሁ ውስጥ በተቃራኒው ሲዞር ይታወቃችኋል። የግራው ፔዳል ጥርስ እንደ ቀኙ ቢሆን ኖሮ፣ እየነዳን ቀስ በቀስ ይፈታ ነበር። ግምቴን ባልጽፈው ኖሮ መልሱን አንብቤ “እሺ” ብዬ አልፍ ነበር። ስህተቴ ወረቀት ላይ ስለነበረ ግን እስኪገባኝ ድረስ አልተውኩትም።

ብስክሌቱን በፈታሁበት ቀን መቀመጫውና መሪው ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ወድቀው ነበር። ሠዓሊው ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1942 ከእነዚሁ ሁለት ዕቃዎች የበሬ ጭንቅላት መሥራቱን አውቅ ነበር፤ መቀመጫው ፊት፣ መሪው ቀንድ ሆኖ ማለት ነው። በፎቶ ሳየው ቀላል ይመስለኝ ነበር። ወለሉ ላይ ራሴ ልሞክረው ስል ግን መሪው ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ቁጥር በሬው ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት ያህል ሳንቀሳቅሳቸው ቆየሁ። ለሥራው ያለኝ አክብሮት የጨመረው ያን ጊዜ ነው።

የሙዚቃው ግኝት የመጣው ከኩሽና ነው። ብርጭቆ ውስጥ ውሃ እየጨመርኩ በማንኪያ ስመታው ድምፁ እየወፈረ ሄደ። ጠርሙስ ውስጥ እየጨመርኩ አፉ ላይ ስነፋ ደግሞ እየቀጠነ ሄደ። ያው ውሃ ነው፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒ! ብርጭቆው ሲመታ የሚርገበገበው ራሱ ብርጭቆው ነው፤ ውሃው ይከብደውና ያዘገየዋል። ጠርሙሱ ሲነፋ ግን የሚርገበገበው አየሩ ነው፤ ውሃው በጨመረ ቁጥር የአየሩ ቦታ ይጠባል፣ ድምፁም ይቀጥናል። እስካሁን ከጻፍኳቸው ሁሉ ይህን አብልጬ እወደዋለሁ። ማንም ሰው በአምስት ደቂቃ ሊሞክረው ይችላል።

መጀመሪያ ላይ በየቀኑ አንድ ግኝት እጽፋለሁ ብዬ ነበር። አልሠራም። በሦስተኛው ሳምንት ገጹን ለመሙላት ብቻ የማይረባ ነገር መጻፍ ጀመርኩ። አሁን በሳምንት አንድ ከመጣልኝ ይበቃኛል። ባዶ ሳምንትም ያልፋል፣ ምንም አይደለም። የእስክሪብቶ ክዳን ጫፍ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ያገኘሁት ከእንዲህ ያለ ባዶ ሳምንት በኋላ ነው። ቀለሙ እንዳይደርቅ ይሆናል ብዬ ገምቼ ነበር። ለካ ቀዳዳዋ የተበጀችው ሕፃን ልጅ ክዳኑን ቢውጠውና ጉሮሮው ላይ ቢቀር አየር እንዲያልፍ ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ እስክሪብቶ በያዝኩ ቁጥር ያን ያሰበውን ሰው አመሰግነዋለሁ።

ሰሞኑን ደግሞ ፈንዲሻ ላይ ነኝ። ዓይኔ ያረፈው ሳይፈነዱ ድስቱ ሥር በቀሩት ላይ ነው። የፈንዲሻ ፍሬ ውስጥ 14 በመቶ ገደማ ውሃ አለ። ሙቀቱ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ እንፋሎቱ ቅርፊቱን ይበረግደዋል። ቅርፊቱ አስቀድሞ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን እንፋሎቱ ሾልኮ ይወጣል። ለመሞከር አሥር ፍሬ በጥፍር መቁረጫ ቆነጠርኩና ለብቻቸው ድስት ውስጥ ጣድኳቸው። ሌሎች አሥር ደህና ፍሬዎችን ደግሞ በሌላ ድስት። ደህናዎቹ ሲንጣጡ፣ ከተቆነጠሩት ብዙዎቹ ዝም ብለው ጠቆሩ። ሁለቱንም ዓይነት ደብተሩ ላይ በማጣበቂያ ለጠፍኳቸው። ገጹ አሁን አልዘጋ ብሏል።