ከሕመምተኞች ጋር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ

የድረ ገጽ ሥራን ያስተማሩኝ ከደብረ ብርሃን የመጡ አንዲት እናት ናቸው።

ሦስት ጓደኛሞች አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን ሥራ በጀመርንበት ዓመት ለአንድ ክሊኒክ ቀጠሮ የሚያዝበት ድረ ገጽ ሠራን። ቀለሙ ያማረ፣ ፎቶግራፎቹ የጠሩ ነበሩ፤ ባለቤቶቹም ወደዱት። ስልኩ የተደወለው በኮራንበት ሳምንት ነው።

የእኚህ እናት ልጅ ቀጠሮውን የያዘችላቸው በእጅ ስልኳ ነበር። ማረጋገጫው «3:00» ይላል። እናቲቱ ሌሊት ተነሥተው፣ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ደረሱ። ኮምፒውተሩ ግን «3:00» ያለው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ እኛ ከቀኑ 9 ሰዓት የምንለውን። «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት በኋላ» የሚለውን ቃል ያወጣነው ገጹን ያጨናንቃል ብለን ነበር። ስድስት ሰዓት ጠበቁ። ምርመራው ሲያልቅ ወደ አገራቸው የሚመልሳቸው መኪና አልነበረም።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። «ልጄ፣ እኔ እኮ የመጣሁት የተጻፈውን አንብቤ ነው» አሉኝ።

በማግስቱ ክሊኒኩን አስፈቅጄ፣ ሦስት ጠዋት ከካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቢሮ ውስጥ በወራት ያላየሁትን እዚያ አየሁ። ቅጹ ላይ «የቤተሰብ ስም» ብለን የጠየቅነው ከውጭ አገር ቅጽ ገልብጠን ነው። አንዱ የአባቱን ስም ሞላ፣ ሌላው የአያቱን፣ አንዷ እመቤት ደግሞ የልጆቿን ሁሉ ስም ዘረዘረች፤ ቤተሰብ ማለት እነርሱ ናቸውና። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብለን ለወጥነው፤ ጥያቄውም ግርታውም በዚያው ቀረ።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ታጋሽነት ነው። አንዲት ታካሚን «ፀሐይ» ብላ ትፈልጋለች፤ የለም። «ጸሐይ» ትላለች፤ የለም። «ጸሀይ» ስትል ተገኘች። ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ሰንጠረዥ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር አገኘ፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በድምፅ አንድ የሆኑት ፀ እና ጸ ለኮምፒውተሩ እንደ ለ እና መ የተለያዩ ናቸው። ፍለጋው ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ እንዲቆጥር አድርገን እንደገና ጻፍነው። መዝገቡ ላይ ግን ስሙ ባለቤቱ በጻፈው ሆሄ ይቀመጣል። የሰውን ስም ማረም የእኛ ሥራ አይደለም።

አንድ አዛውንት ደግሞ ስልኩን ክንዳቸው እስኪዘረጋ አርቀው፣ ከዚያ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ሲታገሉ አየሁ። የእኛ ቀጭን ግራጫ ፊደል ነበር ያስቸገራቸው። ቡን ከቢ የሚለየው የአንዲት ትንሽ ጭረት ቦታ ነው፤ ፊደሉ ሲያንስና ሲደበዝዝ ጭረቷ ትጠፋለች። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በተራ ጽሑፍና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የሆነ የብርሃን ንፅፅር ይጠይቃል፤ የእኛ ከዚያ በታች ነበር። ፊደሉን አጠቆርነው፣ አሳደግነው፣ በመስመሮቹም መካከል አየር ሰጠነው። «እኔ የምወደው ንድፍ ተበላሸ» ብሎ የሥራ ባልደረባዬ ሁለት ቀን ተከራከረኝ። በሦስተኛው ቀን ራሱ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መጣና ክርክሩን ተወው።

ከዚያ ወዲህ በውላችን ውስጥ ከተጠቃሚዎች ጋር የምንቀመጥባቸውን ቀናት እንጽፋለን፤ ዋጋም እናስከፍልባቸዋለን። «ለመቀመጥ ነው የምንከፍላችሁ?» ብለው የሄዱ ደንበኞች አሉ። ገንዘቡ ባስፈለገን ወር ከባድ ነበር፤ ቀናቱን ግን ከውሉ አላወጣናቸውም።

የክሊኒኩ ማረጋገጫ ዛሬ «ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብሎ በግልጽ ይጽፋል። አንድ ነገር ይቀረናል። በእነዚያ ሦስት ጠዋቶች የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ብዙዎቹን ታካሚዎች ያነጋገረችው በኦሮምኛ ነበር፤ ገጻችን ግን እስካሁን የሚናገረው በአማርኛ ብቻ ነው። አሁን በዚያ ላይ ነን፤ ቃላቱን የምትመርጥልን እርሷ ናት።