ወደብ ሳንደርስ የሚያልቅ ፍተሻ

ጭነት መርከብ ላይ ሁለተኛ መኮንን ነኝ። የመድኃኒት ቁም ሣጥኑ፣ የታማሚዎች መዝገብና የወደብ ጤና ወረቀቶች የእኔ ኃላፊነት ናቸው። አዲስ የሚቀላቀሉን ልጆች የጤና ፍተሻ ማለት መርማሪው የሚሳፈርበት ቀን ይመስላቸዋል። የእኔ ሥራ ግን ገና ባሕር ላይ እያለን ነው የሚያልቀው።

ወረቀቱ ቀላሉ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ የሚጠይቀው የመርከብ ንጽሕና ምስክር ወረቀት ለ6 ወር ያገለግላል። ሁሉም ወደብ ስለማያድሰው ቀኑ ሳይደርስ ወኪሉን እጨቀጭቃለሁ። የቢጫ ወባ ክትባት ደግሞ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው። በጉዞው ዋዜማ ተወግቶ የሚመጣ ሰው ጣጣ አለው።

ጊዜዬን የምሰጠው ለዙረቱ ነው። ከወጥ ቤት ኃላፊው ጋር ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ መሆኑን፣ ጥሬ ሥጋና የበሰለ ምግብ መለያየታቸውን እናያለን። ከዚያ ውሃው። አንዴ አንድ መርማሪ ማንም ወደማያድርበት ክፍል ገብቶ የሻወሩን ራስ በእጁ ፈታና ውስጡን በባትሪ አየ። ልክ ነበር። ለብ ብሎ የተኛ ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የሚባል፣ የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ ይራባል። የባዶ ክፍሎችን ቧንቧ በየሳምንቱ የምናስፈስሰው ለዚህ ነው። ዝናብ ከጣለ የነፍስ አድን ጀልባው ሸራ ላይ ያቆረውን ውሃ እንደፋለን፤ የወባ ትንኝም ሆነች ሌላዋ የምትራባው በቆመ ውሃ ነው። መርከቡን ወደብ ላይ የምናስርበት ገመድ ላይ የምንሰቅለው የአይጥ መከላከያ ቆርቆሮም ከመርከቡ ግድግዳ ጋር ከተነካካ ዋጋ የለውም። የሕሙማን ክፍሉን የዕቃ ማከማቻ ማድረግማ በፍጹም! እዚህ ላይ ድርድር አላውቅም።

ከሁሉ የሚከብደው ለወደቡ የጤና ሰዎች የምንሞላው የጤና መግለጫ ቅጽ ነው። በጉዞው የሞተ አለ? አሁን የታመመ አለ? ሐኪም ተማክሯል? ተደብቆ የተሳፈረ አለ? «አዎ» ማለት መርከብ ሊያስቆም ይችላል፤ የቆመ መርከብ ደግሞ ገንዘብ ይበላል። ዝም በሉ የሚለው ግፊት ከዚያ ነው የሚመጣው።

ከሌጎስ ወደ ብራዚሉ ሳንቶስ ስንጓዝ፣ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን አንድ መርከበኛ አተኮሰው፤ ያንቀጠቅጠውም ጀመር። ለብቻው አስተኛሁት። ሙቀቱን ጠዋትና ማታ መዘገብኩ። በፈጣኑ መመርመሪያ ደሙን ሳይ ወባ ነው። የብስ ያለ ሐኪም በስልክ አማክረን መድኃኒት አስጀመርነው። «ወባ እኮ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ለምን ትጽፈዋለህ?» ያሉኝ ነበሩ። ግን ወባ ነው ያለው የእኔ መመርመሪያ ብቻ ነው። ቢጫ ወባም፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው የላሳ በሽታም በትኩሳት ነው የሚጀምሩት። ለካፒቴኑ ይህንኑ ነገርኩት፤ «አዎ» ብሎ ፈረመ።

የጤና ፈቃድ የሚጠየቅበትን ቢጫ ባንዲራ ሰቅለን መልህቅ ላይ ጠበቅን። የጤና ሰዎቹ መጡ። መዝገቡን ገጽ በገጽ አነበቡ፣ ልጁን አዩት፣ ሌላ የሚያተኩሰው ሰው እንደሌለ አረጋገጡ። ከዚያ እንድንገባ ተፈቀደልን፤ ልጁም የብስ ወርዶ በደንብ ታየ።

አሁን አዲስ መኮንን ሲተካኝ መጀመሪያ የማስረክበው ያንን መዝገብ ነው። ስም፣ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት፣ ሙቀት፣ የተሰጠው መድኃኒት። ተራ ጉንፋንም ቢሆን ይጻፋል።